ሁሉም "የጣሊያን" አይደለም፦ ከጣርማ በር ሥር የአንድ ማሳ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 2011፣ ግዢ

ነገሩ የጀመረው በማረሻ ነው። አጎቴ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ዳገት ላይ ሁለት ጥማድ የማይሞላ የገብስ መሬት አለው። ከማሳው ጫፍ ቁልቁል ሲያዩ የድሮው መንገድ ይታያል። በሬዎቹ በገቡ ቁጥር ማረሻው አንድ ነገር ያወጣል፤ ቀለህ፣ ቆርቆሮ፣ የተጣመመ ሽቦ። ልጆቹ ይለቅሙታል፣ ቆራሌው ይገዛቸዋል። "ምንድን ነው?" ብለህ ብትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ "የጣሊያን ነው።" አለቀ።

እኔ ደብረ ብርሃን ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ታሪክ አልተማርኩም። ግን "የጣሊያን ነው" የሚለው መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ አላጠገበኝም። ወርቅ ፍለጋ ሄዶ ባዶ እጁን ከተመለሰ ሰው ላይ ያገለገለ ጋሬት ኤስ 250 ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረት የሚጠቁም ማሽን) በ9,500 ብር ገዛሁ። እሱ 14,000 ነበር ያለኝ። የኮይሉ ፕላስቲክ ተሰንጥቆ በኮላ ተለጥፎ ስላየሁ ወረደልኝ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ጨረስኩ። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ይከለክላል። ሳይታሰብ የተገኘም ቢሆን መነገር አለበት። ስለዚህ ከአጎቴ ጋር ቀበሌ ሄድን፣ ከዚያ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም። የተስማማነው ይህ ነው፤ ማረሻ ከሚደርስበት በታች አልወርድም፣ የተገኘው ሁሉ ተመዝግቦ ይሰጣል፣ ያልፈነዳ ነገር ከታየ ለፖሊስ። ማረሻ የሚወርደው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። መቆፈር ሳይሆን መልቀም ነው ማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ

መሬቱ ራሱ ይጮኻል። የዚያ አገር ድንጋይ ጥቁር ባዛልት ነው፣ በውስጡ ብረት አለው። ይሄ ማሽን ደግሞ የመሬቱን ድምፅ የሚያጠፋበት ማስተካከያ የለውም፣ ከፋብሪካው እንደተሞላ ነው። ሴንሲቲቪቲውን (የመስማት ኃይሉን) ከስምንቱ ስምንቱ ላይ አድርጌ ነበር የጀመርኩት። ቢፕ፣ ቢፕ፣ ቢፕ። አንድ ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ስገለብጥ አጎቴ በጋቢው ተጠቅልሎ ቁጭ ብሎ ያየኛል። "ድንጋይ ከሆነ የምትፈልገው ያለ ማሽንም ሞልቷል" አለ።

ወደ አምስት ሳወርደው ጸጥ አለ። ጥልቀት ቀነሰብኝ፣ ግን እኔም ጥልቅ አልፈልግም።

የቀኑ ምርት፤ 14 ሚስማር፣ 9 የቢራ ቆርኪ፣ አንድ የሰርዲን ጣሳ፣ የክኒን ማሸጊያ፣ 3 ቀለህ። እና አንድ ትልቅ ነገር። ወፍራም የብረት ቀለበት፣ ዝገቱ እንደ ቂጣ የተጋገረ። ልቤ ዘለለ። የመድፍ ጎማ ቀለበት ነው ብዬ ፎቶ አንስቼ ለሁለት ጓደኞቼ ላክሁ። አንዱ "ዋው" አለኝ። አጎቴ ወስዶ ገልበጥ አድርጎ አየውና ሳቁን መያዝ አቃተው። ወገል ነው። ማረሻውን ከድግሩ ጋር የሚይዘው ቀለበት። እሱ ራሱ የዛሬ ስንት ዓመት የጠፋበት። ገጠር ተወልጄ ወገል አላወቅሁም። ይሄ ጨዋታ እስከ ፋሲካ ድረስ ቤት ውስጥ ሲነገር ነበር።

ከዚያ ቀን የተማርኩት፤ አንድን ነገር ከመሰየምህ በፊት በየቀኑ ብረት የሚይዝ ሰው አሳየው።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ የጣሳው ስህተት

በሦስት ቅዳሜ 19 ቀለህ አገኘሁ። ሁሉንም በአንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተትኩ። የት እንደተገኙ አልጻፍኩም። በጣም ነው የሚቆጨኝ። ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

ያኔ ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። 19ኙም ለዓይኔ አንድ ናቸው። አረንጓዴ ለብሰዋል፣ አንዳንዱ ተጨፍልቋል። ከሃርድዌር ቤት ዲጂታል ካሊፐር በ650 ብር ገዛሁ። ትንሽ የወርቅ ሚዛን ደግሞ በ400። ማግኔት ከአሮጌ ስፒከር ነቀልኩ፣ እሱ በነፃ።

ሥራው የጀመረው ያኔ ነው። ሦስት ነገር ይለካል፤ የቀለሁ ርዝመት፣ የቂጡ ስፋት፣ የአፉ ስፋት። ከዚያ ቂጡ ከአካሉ ሰፋ ብሎ ከንፈር ያወጣ ነው ወይስ እኩል ሆኖ ዙሪያውን የተቦረቦረ? ይሄን ይዞ ሠንጠረዥ ማየት ነው። የጥይት ስም ራሱ ልኬት ነው፤ "6.5 በ52" ሲባል የጠመንጃው አፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት 6.5፣ የቀለሁ ርዝመት 52 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

ማግኔቱ መጀመሪያ ለየልኝ። ከ19ኙ 2ቱ ተሳቡ። የብረት ቀለህ ናቸው፣ 39 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ የክላሽ። የጣሊያን ሳይሆኑ የእኛው ዘመን። የቀሩት ናስ ናቸው።

አንዱ 63 ሚሊ ሜትር ወጣ። ቂጡ ላይ "ኤል.ሲ." እና 53 ይላል። አሜሪካ ሌክ ሲቲ ፋብሪካ፣ 1953 በፈረንጅ። የኤም 1 ጋራንድ ጥይት፣ በጃንሆይ ዘመን በአሜሪካ እርዳታ የገባ። ለአጎቴ ስነግረው ትንሽ አሰበና "እሱማ የሠርግ ይሆናል" አለ። እዚህ አገር ለጠላት ከተተኮሰው ለሙሽራ የተተኮሰው ሳይበልጥ አይቀርም።

ጥር፣ 937 ማለት ስንት ነው?

ጣሳው ውስጥ ሦስት 52 ሚሊ ሜትር የሆኑ ነበሩ። የቂጣቸው ስፋት 11.4። ካርካኖ። ይሄ የጣሊያን እግረኛ ጠመንጃ ጥይት ነው፣ በ1891 እ.ኤ.አ. የወጣ። እውነተኛ "የጣሊያን" በመጨረሻ!

ቂጡን በጥርስ ብሩሽና በውሃ ብቻ አጠብኩ። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው "ኤስ.ኤም.አይ." የሚል ፊደልና 937 ይነበባል። ሁለተኛው ያው 937። ሦስተኛው 935።

እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ሳምንት ተሳሳትኩ። 937ን እንደኛ አቆጣጠር 1937 ብዬ አነበብኩት። በ1937 ጣሊያን ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል። እንግዲህ ይሄ ከጦርነቱ በኋላ የተሸጠ ትርፍ ጥይት ነው ብዬ ደመደምኩ። በደብተሬ ላይ በቀይ ጻፍኩ፣ አሰመርኩበት። ደብረ ብርሃን አንድ የታሪክ መምህር ጋር ሻይ ስንጠጣ ስነግረው ዝም ብሎ አየኝና "ሮም የኛን ካላንደር ከመቼ ወዲህ ነው የምትጠቀመው?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ጣሊያኖቹ የመጀመሪያዋን 1 ትተው ሦስት አኃዝ ብቻ ይመቱ ነበር። 937 ማለት 1937 እ.ኤ.አ. ነው። በኛ 1929 ወይም የ1930 መጀመሪያ። ኤስ.ኤም.አይ. ደግሞ የጣሊያን የብረታ ብረት ኩባንያ ነው፣ ሶሲዬታ ሜታሉርጂካ ኢታሊያና።

ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ የባዶሊዮ የሞተር ሰልፍ ከደሴ ተነስቶ በዚህ ዳገት ያለፈው በሚያዝያ 1928 ነው። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው፣ ሠርቶ አለፈ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። 937 የተመታበት ጥይት ያን ጊዜ ገና አልተሠራም። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ቀለሆች ጣሊያን ሲገባ የተተኮሱ ሊሆኑ አይችሉም። ከገባ በኋላ ነው። የአርበኞቹ ዘመን ነው።

አንድ ቁጥር ይሄን ያህል ይናገራል። 935 የሚለው ግን ምንም አይለይልኝም። አሮጌ ጥይት በማንኛውም ዓመት ይተኮሳል። ቂጡ ላይ ያለው ዓመት "ከዚህ በፊት አይደለም" ነው የሚልህ፣ "በዚህ ቀን" አይልህም።

ጥር፣ በልጅግ

የቀሩት 13ቱ ናቸው ያደናገሩኝ። ርዝመታቸው 57፣ ቂጣቸው 12 ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ከንፈር የላቸውም። ካርካኖ አይደሉም። 7.92 በ57 ነው፣ የሞዜር ጥይት። ሦስቱ ላይ "ኤፍ.ኤን." ይነበባል።

ሞዜር ጀርመን አይደል? ጀርመን ጣርማ በር ምን ትሠራለች? ሁለት ቀን ዞርኩ።

መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤት ነው። ከአጎቴ ቤት በላይ አንዲት እማማ አሉ፣ አባታቸው አርበኛ የነበሩ። ቡና ተጠርቼ ሄድኩና ቀለሁን አሳየኋቸው። በጣታቸው አገላበጡት፣ ዓይናቸው ብዙ አያይም። "አባቴ በልጅግ ነበር ይዞ የገባው" አሉ። "ኋላ ጥይቱ ሲያልቅበት የማረከውን የጣሊያን ያዘ። ጥይቱ እሱ ጋ ነዋ!"

በልጅግ! ስሙን ከፉከራ አውቀዋለሁ፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቤ አላውቅም። ቤልጅግ፣ ቤልጂየም። ኤፍ.ኤን. ደግሞ ቤልጂየም ኸርስታል ያለው ፋብሪክ ናሲዮናል ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በፊት የሞዜር ዓይነት ጠመንጃ ከዚያ አስመጥቷል። አምስት ጥይት የሚጎርስ። ስሙ ለዘጠና ዓመት አፋችን ላይ ነበር፣ ፋብሪካው ደግሞ በጣሳዬ ውስጥ።

እንግዲህ መላው ሰፈር "የጣሊያን" እያለ ለቆራሌ ሲሸጠው ከነበረው ውስጥ አብዛኛው የኛው ወገን የተኮሰው ነው ማለት ነው። ለአጎቴ ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። "በኪሎ ነበር የምንሸጠው" አለ በመጨረሻ።

ያልተማርኩት የጣሳ ትምህርት እዚህ ላይ መጣ። በልጅጎቹ ከማሳው የትኛው ጫፍ ነው የወጡት? ካርካኖዎቹስ? ከላይ ከድንጋዩ ክምር ሥር ወይስ ከታች ከመንገዱ አቅጣጫ? ማን የት ቆሞ ወደ ማን እንደተኮሰ የሚነግረኝ እሱ ነበር። አልጻፍኩትም። 19ኙ ነገሮች ናቸው እንጂ ማስረጃ አይደሉም።

ከዚህ በኋላ ሥርዓት አወጣሁ። ማሳውን በገመድ በአሥር በአሥር ሜትር ከፈልኩ። እያንዳንዱ ግኝት የራሱ ላስቲክ፣ ቁጥር፣ የስልክ ጂፒኤስ፣ ጥልቀት በጣት። ጂፒኤሱ አምስት ሜትር ድረስ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ከገመዱም ለካሁ። ላስቲክና ማርከር 85 ብር። መጀመሪያውኑ ይሄን 85 ብር አውጥቼ ቢሆን ኖሮ።

ጥር፣ ስለ ጠመንጃ ስሞች (ትንሽ ከመንገድ ልውጣ)

ከበልጅግ በኋላ ስሞቹን መልቀም ጀመርኩ። ውጅግራ የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ነው፣ የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል። በአድዋ የነበረ። ሰናድር ደግሞ የእንግሊዙ ስናይደር። አያቶቻችን የፈረንጅ ስም ሰምተው በራሳቸው አፍ አበጁት። ሰው "ጥንታዊ ስም" ይለዋል፣ እኔ ግን ልክ ዛሬ "ፌሮ" እና "ጎሚስታ" እንደምንለው ነው የሚሰማኝ።

በረድፍ 4 አንድ የእርሳስ አረር ወጣ። ነጭ ዱቄት የለበሰ፣ ጫፉ የተዘነጠለ። ስፋቱ 11 ገደማ፣ ክብደቱ 24.6 ግራም። የውጅግራ አረር ወደ 25 ግራም ነው። የጎደለው ድንጋይ ላይ የቀረው ይሆናል። ይሄን ያህል ክብደት ያለው እርሳስ ከካርካኖም ከሞዜርም አይወጣም። ግን "የአድዋ ዘመን ነው" ለማለት አልደፍርም። በ1928 ብዙው ዘማች ያባቱን ጠመንጃ ይዞ ነው የወጣው። አሮጌ ጠመንጃ አሮጌ ጦርነት ማለት አይደለም።

የካቲት፣ ቀዩ ነገር

ይሄን ቀን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ረድፍ 7፣ ከድንጋይ ካቡ ሁለት ሜትር። ድምፁ መካከለኛ ነበር፣ ስክሪኑም እንደ ፎይል ወይም የለስላሳ ቆርቆሮ አሳየኝ። አልሙኒየም ማለት ነው። አሰልቺ ሲግናል፣ ብዙ ጊዜ የምዘለው። ጭጋጉ እየወረደ ስለነበረ አንዷን አይቼ ልሂድ ብዬ ተንበረከክሁ። አካፋዋን ቀጥ አድርጌ አልሰካሁም፣ ከጎን አፈሩን ገፋሁት። ይሄን ለምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ሁሌ እሰካ ነበር።

ክብ ነገር ብቅ አለ። የቡና ስኒ የሚያህል። ግራጫ፣ ግን በአንድ በኩል ቀለም አለው። ቀይ።

እጄን አነሳሁ። ሠንጠረዥ ሳነብ አንድ ገጽ ላይ ቆሜ ነበር። የጣሊያን የ1935 እ.ኤ.አ. ሞዴል የእጅ ቦምብ። ሦስት ፋብሪካ ይሠራው ነበር፤ ብሬዳ፣ ኦቶ እና ኤስ.አር.ሲ.ኤም.። ሁሉም ቀይ ይቀባሉ። እንግሊዞች "ቀይ ሰይጣን" ይሉት ነበር። የዚህ ቦምብ ክፋቱ ሰዓት የለውም፣ ሲወድቅ በመመታቱ ነው የሚፈነዳው፣ በየትኛውም ጎኑ ቢወድቅ። ተወርውሮ ሳይፈነዳ የቀረ ደግሞ ውስጡ ተፈትቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ምን እንደሚጠብቅ አይታወቅም።

ዲቴክተሩን እዚያው ትቼ በመጣሁበት እግር ኮቴ ላይ ወደ ኋላ ወጣሁ። አጎቴን ጠራሁ፣ እንዳይመጣም ጮህኩ። ሁለቱን ባንድ ላይ ማለቴ ግራ አጋባው። እረኞቹን ከብቶቹን ወደ ላይ እንዲያወጡ አደረግን። ለፖሊስ ደወልን። መጡ፣ ከሩቅ አዩ፣ በገመድ አጥረው ሰው አቆሙ። ባለሙያዎች መጥተው እስኪያነሱት ቀናት ፈጀ። እስከዚያ አጎቴ በየጠዋቱ እየሄደ ካጥሩ ውጭ ቆሞ ያየዋል።

"አርባ ዓመት አርሼበታለሁ" አለኝ። "በሁለት በሬ።"

እኔ ግን የማስበው ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ በዚያው ረድፍ በአካፋ ስወጋ ስለዋልኩት ነው። ለሁለት ሳምንት ማሽኑን አልነካሁም። ስመለስ ደንቡን አጠበቅሁ፤ አካፋ ከጎን ብቻ፣ በእጅ አፈር መቧጠጥ፣ ክብ ወይም ቱቦ ነገር ከታየ ሥራው በቃ። አረሩ ካፉ ያልወጣ፣ ማለት ያልተተኮሰ ጥይትም አይነካም። ድንጋይ ካብና ዋሻ ውስጥ ማሽን ይዤ አልገባም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የዘረት ዋሻ አለ፤ በሚያዝያ 1931 ጣሊያን እዚያ በተጠለለው ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ ነው የተጠቀመው። በዚህ አገር የተቀበረ ብረት ሁሉ ፈንጂ ብቻ አይደለም።

የልጆቹን ነገርም አነሳሁ። ለቆራሌ የሚለቅሙት እነሱ ናቸው። ቀይ ቀለም ያየ ልጅ ያነሳዋል፣ ያምራል እኮ። በትምህርት ቤቱ የሰንደቅ ሰዓት ላይ ፎቶውን አሳየሁ። አንድ ልጅ እጁን አወጣና "እኛ ቤት እንደሱ ያለ የጨው ዕቃ አለ" አለ። ፖሊስ ሄዶ አየው። ባዶ የአልሙኒየም ጣሳ ነበር፣ እግዜር ይመስገን፣ የሌላ ነገር ክዳን። ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

የካቲት፣ ያበላሸኋቸው

ዝናብ ስለዘነበ ቤት ቁጭ ብዬ ማጽዳት ጀመርኩ። ማጽዳት የሚለው ቃል ራሱ ወጥመድ ነው።

አንደኛ፤ አንድ በልጅግ ቀለህ ሎሚ ውስጥ ነከርኩ። በአንድ ሰዓት አረንጓዴው ጠፋ፣ ደስ አለኝ። ሲደርቅ ሮዝ ሆነ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ አሲዱ ዚንኩን በልቶ መዳቡን ገለጠው። አይመለስም። ቂጡ ላይ የነበረው ፊደልም ሳሳ።

ሁለተኛ፤ ብረቶቹን በኤሌክትሪክ። ይሄን እንኳ ሙያዬ ነው ብዬ ኮራሁ። ባልዲ ውሃ፣ ሶዳ፣ የመኪና ባትሪ ቻርጀር 12 ቮልት። ዝገቱ ያለበት ዕቃ ኔጌቲቩ ላይ፣ ሌላ ብረት ፖዘቲቩ ላይ። የዳቦ ሶዳ ብቻውን ደካማ ነው፣ ምጣድ ላይ ካሞቁት ይጠነክራል። መጀመሪያ ለፖዘቲቩ የማይዝግ ማንኪያ ተጠቀምኩ። ውሃው ቢጫ ሆነ። ያ ቢጫ ክሮሚየም ነው፣ መርዝ። ቶሎ አቆምኩ፣ ጓንት አድርጌ አስወገድኩ። ቀጥሎ የፌሮ ቁራጭ አደረግሁ፣ ተራ ብረት፣ ሠራ። አንድ የበቅሎ ጫማ ቆንጆ ሆኖ ወጣ፣ ሁለት ሚስማሩ እንኳ አለ። በረንዳ ላይ ነበር የምሠራው፤ የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጂን ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሆንም።

ሦስተኛው የሚያመኝ ነው። በረድፍ 9 ከመንገዱ በኩል አንድ ቀጭን የታጠፈ ቆርቆሮ አግኝቼ ነበር። የካርካኖ ክሊፕ፣ ስድስት ጥይት የሚይዝ። ይሄ ክሊፕ ከጥይቱ ጋር አብሮ ወደ ጠመንጃው ይገባል፤ የመጨረሻዋ ጥይት ስትጎርስ በካዝናው ቀዳዳ ቁልቁል ይወድቃል። የሚወድቀው ተኳሹ እግር ሥር ነው። ቀለህ ሩቅ ሊፈናጠር ይችላል፣ ክሊፕ ግን የቆመበትን ቦታ ያሳያል። ይሄን እያወቅሁ ባልዲው ውስጥ ከትቼ፣ ቻርጀሩን ሰክቼ ተኛሁ። ሌሊቱን ሙሉ፣ 4 አምፒር። ጠዋት ሳነሳው ሁለት ቦታ ተሰበረ። የነበረው ብረት ሳይሆን የክሊፕ ቅርጽ ያለው ዝገት ነበረ፤ ዝገቱን ሳወጣው ምንም አልቀረም።

ቦታው ተጽፏል፣ ያ ብቻ ነው ያዳነኝ። ለወረዳው ባለሙያ ስነግረው አልተቆጣኝም። "ከዚህ በኋላ አፈሩን አራግፍ፣ ላስቲክ ውስጥ ክተት፣ አምጣ" አለኝ።

መጋቢት፣ ኮከቡ

ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ረድፍ 9 ላይ እንደገና። ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ። ቀጭን፣ ከኋላው ሁለት የተሰበሩ እግሮች። ያየ ሁሉ ወዲያው "የደርግ ነው" አለ። እኔም አልኩ። ኮከብ አይደል? ለአንድ ጊዜ "የጣሊያን" ያላሉት ነገር ይሄ ነበር።

የደርግ ቢሆን ቀይ ቀለም ወይም ሌላ ምልክት ይጠበቃል። ይሄ ባዶ ነው፣ ግራጫ ብረት፣ ማግኔት አይስበውም። የጣሊያን ወታደር ከ1871 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮሌታው ግራና ቀኝ ጫፍ ትንሽ ኮከብ ያደርጋል። ጄኔራልም ተራ ወታደርም። እግሮቹ በጨርቁ ገብተው ይታጠፋሉ። መጠኑም አሠራሩም ገጠመ። ከተሰበረው ክሊፕ አራት ሜትር ላይ ነው የተገኘው።

እንግዲህ አንድ ሰው እዚያ ነበር። ካርካኖ ይዞ፣ አንድ ክሊፕ ጨርሶ፣ ኮሌታው ተቀዶ። ከዚህ በላይ ብጨምር ልብ ወለድ ይሆናል።

መጋቢት፣ ካርታውና ርክክቡ

በሥርዓት ከተመዘገቡት 31 ቀለሆች በልጅጎቹ 17 ናቸው። ከ17ቱ 15ቱ ከላይኛው የድንጋይ ጫፍ ሥር፣ ስምንት ሜትር በማይሞላ ቦታ። መንገዱን ከዚያ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ኩርባው በደንብ ይታያል። ካርካኖዎቹ 8፣ አምስቱ ከታች፣ ሦስቱ ከላይ ከበልጅጎቹ ጋር ተቀላቅለው። መጀመሪያ ጣሊያኖቹ እላይ ወጥተው ነበር አልኩ። ከዚያ እማማ ያሉት ትዝ አለኝ፤ ጥይቱ እሱ ጋ ነዋ። የማረኩትን ይተኩሱ ነበር። የካርካኖ ቀለህ የካርካኖን ጠመንጃ ያሳያል፣ የተኳሹን አገር አያሳይም። ሁለቱንም ጻፍኩ።

የቀሩት 6ቱ፤ አራት ክላሽ፣ አንድ ጋራንድ፣ አንድ ከንፈር ያለው 56 ሚሊ ሜትር። የእንግሊዝ 303፣ ቂጡ ላይ የሮማ ሰባት። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በሚያዝያ 1933 ወደ ደሴ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። ግን የእንግሊዝ ጠመንጃ ከዚያም በኋላ በየቤቱ ነበር፣ አንድ ቀለህ ይዤ ብርጌድ አልጠራም።

ሁሉንም ከካርታው ጋር ለወረዳው አስረከብኩ። ቅጹ ላይ "የተሰበረ ክሊፕ፣ በአስረካቢው ስህተት" ብዬ አስጻፍኩ። ጠቅላላ ወጪ፣ ባትሪና ትራንስፖርት ጨምሮ፣ 13,200 ብር። ወገሉ ለአጎቴ ቀረ፤ ቀጥቅጦ መልሶ አሠራው።

ጥር 2014

ይሄን ማስታወሻ ዘግቼው ነበር። በኅዳር ውጊያው ደብረ ሲናና ጣርማ በር ድረስ መጣ። አጎቴና ቤተሰቡ ሸሽተው ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ከረሙ። መንገዱ ሲከፈት አብሬው ወጣሁ። ዲቴክተሩን አልያዝኩም፣ እዚያ መሬት ላይ ከእንግዲህ አልይዝም።

ማሳው ውስጥ አልገባንም፣ ከዳር ቆምን። ከላይኛው ድንጋይ ሥር፣ ረድፍ 2 ያልኩት ጋ፣ መሬቱ ያብለጨልጫል። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር አንድ ቀለህ አነሳ። አጭር፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ብረት፣ ገና አልዛገም። መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዘረጋው።

"ይኼስ የማን ነው?"

ካሊፐሩ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።